ንጉሥ አሳ ሁለቴ ታመመ

እምዬ መጽሐፍ ቅዱስ የምታነበው ልብስ በምትሰፋበት መንገድ ነበር፤ ከአንዱ ጫፍ ትነሳና፣ ስፌት ሳትዘል፣ እስከ ሌላው ጫፍ። «ዘሎ ያነበበ ዘሎ ይጸድቃል እንዴ?» ትላለች ለሚጠይቃት ሁሉ። የዘር ሐረጉን፣ የድንኳኑን ቁመትና ወርድ፣ የመሥዋዕቱን ሥርዓት፣ አንዱንም ሳታስቀር፣ ጣቷን ከመስመሩ ሥር እያስኬደች ታነባለች። ከትምህርት የወጣችው ሰባተኛ ክፍል ላይ ነው። ማንበቡ አይቸግራትም፤ የሚቸግራት ያነበበችውን ከራሷ ላይ ማውረዱ ነው። ስለ ቸነፈር ያነበበች ቀን ውሃውን ደጋግማ ታፈላለች። ስለ እሳት ካነበበች የካውያውን ሶኬት ትነቅልና፣ የነቀለችውን ደግሞ መንቀሏን ተመልሳ ታያለች።

የልጅ ልጇ «እምዬ» ስለምትላት መንደሩ ሁሉ እምዬ ይላታል። ልጅቷን ደግሞ፣ ከፊት ጥርሶቿ መሃል ነፋስ የሚያሳልፍ ክፍተት ስላለ፣ ፍንጭት ይሏታል። ፍንጭት ስትወለድ እናቷ ሞተች። ግራ እግሯም ወደ ውስጥ ታጥፎ ነው የተወለደችው። አባቷ፣ የእምዬ ልጅ፣ የረጅም መንገድ ሾፌር ስለሆነ ልጅቷ ያደገችው እምዬ እግር ሥር፣ ከስፌት መኪናው የሚወድቀውን ክር እየለቀመች ነው። አሁን ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የግራ ውስጥ እግሯ መሬት አይነካም፤ የምትረግጠው በእግሯ ጎን ነው፤ ጎኑም ጫማ በቀየረች ቁጥር ይቆስላል።

ሐኪሙ የተናገረው ግልጽ ነበር። አጥንቱ ሳይጠና አሁን ኦፕራሲዮን ከተደረገች ቀጥ ብላ ትሄዳለች፤ ከዘገየ ግን አይቃናም። «ውሳኔው የቤተሰብ ነው» አለ። አባትየው ደግሞ ከሞተር ጩኸት ጋር በስልክ፣ «እማዬ፣ ያሳደግሻት አንቺ ነሽ፤ አንቺ ያልሽው ይሁን» አለና፣ ጭነት የለመደ ሰው ነውና፣ ጭነቱን እናቱ ጀርባ ላይ አራግፎ ሄደ። እምዬም «እሺ» አለች፤ ቀጠሮ ተያዘ። ቀጠሮው ነገ ጠዋት ነው።

ቀጠሮው በተያዘበት ሳምንት ንባቧ መጽሐፈ ነገሥት ላይ ደርሶ ነበር። እዚያ አሳ የሚባል ንጉሥ አጋጠማት፤ ባረጀ ጊዜ እግሩን ታመመ ይላል። «እግር» የሚለውን ስታይ ልቧ ድንግጥ አለ። ግን ሰውዬው ሽማግሌ ነው፣ ደግሞም ሞቶ ተቀበረ፤ ነፍስ ይማር ብላ አለፈችው። ከእሱ በኋላ ስንት ንጉሥ ተነሣ፣ ስንቱ ወደቀ። ከተማው ተቃጠለ፣ ሕዝቡ ተማረከ፣ መጽሐፉም አለቀ። ቀጥሎ ዜና መዋዕል መጣ። ስም በስም ላይ፤ የማን ልጅ የማን ልጅ። ጥርሷን ነክሳ ዘለቀችው።

ዛሬ ጠዋት፣ የጎረቤቱን ሱሪ ጠቅማ መኪናውን ከዘጋች በኋላ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ስታነብ፣ አሳ ተመልሶ መጣ።

ያው አሳ። የተቀበረው ሰውዬ። እንደገና ነገሠ፣ እንደገና አረጀ፣ እንደገና እግሩን ታመመ። አሁን ግን ያን ጊዜ ያልተባለ ነገር ተጨምሯል፦ ሕመሙ ሲጠናበት እንኳ ፈጣሪውን ትቶ ባለ መድኃኒቶችን ፈለገ ይላል። ከዚያም ሞተ።

ጣቷ እዚያው መስመር ላይ ቀረ።

ምክንያቱም እምዬ አንድ የምታውቀው ነገር አለ። ፈርዖን ያንኑ ሕልም ደግሞ ባየ ጊዜ ዮሴፍ የፈታለትን ታስታውሳለች፤ የተደገመው ነገሩ ከላይ የተቆረጠ ስለሆነ ነው ብሎታል። ይኸው፣ ለእሷም ተደገመላት። መጀመሪያ፣ ቀጠሮው ሲያዝ፣ በቀስታ ተነገራት። አልሰማም ስትል በዋዜማው ከነምክንያቱ ተነገራት። አንድ የሞተ ሰው ከመቃብር አስነሥቶ፣ ዳግመኛ አሳምሞ እስኪያሳያት ድረስ የለፋ አምላክ ከዚህ በላይ ምን ይበላት? የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

ፍንጭት በሩ ደፍ ላይ ተቀምጣ የነገውን ቦርሳ ታወጣለች፣ ትከታለች። ሁለቱንም ጫማ ከትታለች።

«ተዪው፣ የኔ እናት» አለች እምዬ። «ነገ አንሄድም።»

«ከነገ ወዲያ ነው?»

«ቀርቷል አልኩሽ።»

«ሐኪሙ ነው ያስቀረው?»

«አይደለም።»

«አባዬ ነው?»

«አባትሽ ምን ያውቃል? እግዜር ነው።»

ፍንጭት የታጠፈ እግሯን እንደ ሰው ዕቃ አየችው። «እግሬን አይወደውም?»

«ማን?»

«እግዜር ነዋ።»

«ምን ዓይነት አነጋገር ነው! ይወደዋል እንጂ።»

«ታዲያ እንዲቃና ለምን አይፈልግም?»

እምዬ የሌለ ክር ከቀሚሷ ላይ ለቀመች። «ሂጂ ከጎረቤት ልጆች ጋር ተጫወቺ፤ ግን እንዳትሮጪ፣ ደግሞ ውሻው አጠገብ እንዳትደርሺ፣ ደግሞ ፀሐይ ላይ እንዳትቀመጪ።» ልጅቷ ወጣች። በመተላለፊያው ሲሚንቶ ላይ አንዱ እግሯ ጠብ፣ ሌላው ሽርት፣ ጠብ፣ ሽርት እያለ ሄደ። ድምፁ እስኪጠፋ እምዬ ትንፋሿን ይዛ ሰማችው። አሁን ደግሞ አዲስ ፍርሃት ገባት፤ ይህን ድምፅ ዕድሜ ልኳን የሰጠኋት እኔ ብሆንስ?

ከሰዓት በኋላ ታናሽ እህቷ ቀሚሷን ልትወስድ መጣች። ታሪክ ስታስተምር ኖራ ጡረታ የወጣች ሴት ናት፤ እስካሁን ሰው ሁሉ መምህርቷ ነው የሚላት፣ እሷም እስካሁን የምትናገረው ለመጨረሻው ወንበር እንዲሰማ አድርጋ ነው።

«ወገቡን ለቀቅሽልኝ? ጨርቁ ጠቦ ነው እንጂ እኔስ አልወፈርኩም» እያለች ገባችና የእህቷን ፊት ስታይ ቆመች። «እታለም፣ ምን ሆንሽ? አመድ መስለሻል።»

«አሳ» አለች እምዬ።

«ዓሣ? ምነው፣ የተበላሸ በላሽ?»

«ንጉሡ! ንጉሡ አሳ!» መጽሐፉን ገፋ አደረገችላት፤ ፈርዖንንም፣ ሕልሙንም፣ የቀረውን ቀጠሮም በአንድ ትንፋሽ ነገረቻት።

መምህርቷ መነጽሯን ከደረቷ ላይ አንሥታ አነበበችና ቀስ ብላ ተቀመጠች። ፌዟ ከፊቷ ጠፋ። «ሐኪም ቤት ደውለሽ ነግረሻቸዋል?»

«ገና ነኝ።»

«ተመስገን! የሷን ቦታ ለሌላ ቢሰጡትስ ኖሮ? አይ እታለም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አሉ፤ አንቺና ወረቀቱ ተያያዛችሁና ልጅቷ መሃል ቀረች።»

«በእግዜር ቃል አትቀልጂ።»

«በቃሉ መች ቀለድኩ? በአንቺ ነው። እስቲ ንገሪኝ፣ ይኼ አሳ ስንት ጊዜ ሞተ?»

«ሁለት ጊዜ።»

«ሰው ሁለት ጊዜ ይሞታል?»

«አልዓዛር ሞቷል» አለች እምዬ አገጯን ቀና አድርጋ። እዚያ ገና አልደረሰችም፤ ግን ስብከት ላይ ሰምታለች።

መምህርቷ ሳቋን መያዝ አቃታት። «እሺ፣ አሸነፍሽኝ። እንግዲያው የወንድማችንን ሠርግ አውሪልኝ።»

«ምን አገናኘው?»

«አውሪልኝ ብዬሻለሁ።»

«ምኑን አወራዋለሁ? ዝናቡ ድንኳኑን ሲጥለው፣ ሙሽራይቱ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ለብሳ፣ እኔ ጓዳ ቆሜ ቬሎዋን ሳጥብ...»

«እኔ ሳወራው ዝናብ አለበት?»

«እንዴት ይኖረዋል? አይዘንብም ብለሽ ድንኳኑን በቀጭን ገመድ ያሳሰርሽ አንቺ! አንቺ የምታወሪው ስለ ንግግሩ ነው፤ ንግግር አድራጊዋ ማን ሆነና።»

«እና ወንድማችን ሁለቴ ነው ያገባው?»

«ኧረ አንዴ ነው!» አለች እምዬ።

«አንድ ሠርግ ነው፤ ያወራነው ሁለት ነን» አለች መምህርቷ። «ነገሥትና ዜና መዋዕልም እንዲያ ናቸው። የዚያንኑ አገር ነገሥታት ሁለት ጸሐፊ ጻፋቸው። የኋለኛው ከአዳም ጀምሮ ስም ሲቆጥር ቆየና ያንኑ ዘመን እንደ አዲስ ተረከው። አሳ አንዴ ነገሠ፣ አንዴ ታመመ፣ አንዴ ሞተ። ለአንቺ ብሎ ከመቃብር የተነሣ የለም።»

«እኔ እኮ ሁሉም በተራ የተሰለፈ መስሎኝ ነው። ያ ሲያልቅ ይኼ፣ ይኼ ሲያልቅ ያ።»

«ክርሽን በምን ትለዪዋለሽ? እዚያ ሣጥን ውስጥ?»

«በቀለሙ።»

«በገዛሽበት ቀን አይደለም?»

«እብድ ነኝ እንዴ?»

«እነሱም እብድ አልነበሩም።» መምህርቷ ከፊት ያለውን ማውጫ ገለጠችና መዳፏን በስሞቹ ላይ አሳረፈች። «ይኼ ሁሉ የሕግ ነው፤ አምስቱ። ከዚህ እስከዚህ ታሪክ። ከኢዮብ ጀምሮ መዝሙሩ፣ ምሳሌው፣ ቅኔውና ምክሩ። ከዚያ ወዲህ ነቢያት። ማዶ ደግሞ ወንጌሎቹ፤ አራት ሰው ስለ አንድ ጌታ ነው የሚናገረው፣ እዚያ ስትደርሺ ደግሞ አራት ጊዜ ተሰቀለ ብለሽ እንዳታለቅሺ። ከዚያ የሐዋርያት ሥራ፣ ከዚያ መልእክቶች፣ በመጨረሻ ራእይ።»

«ነቢያቱ ታዲያ ነገሥታቱ ካለቁ በኋላ የመጡ አይደሉም?»

«ብዙዎቹ በነዚያው ነገሥታት ዘመን የነበሩ ናቸው። ኢሳይያስ ንጉሡ ቤት ሲወጣ ሲገባ በነገሥት አንብበሻል፤ የራሱ መጽሐፍ ግን ያው፣ እዚያ ማዶ ተቀምጧል። በየዓይነቱ ነው የተደረደረው።»

እምዬ ማውጫው ላይ አፈጠጠች። ስንት ወር ሙሉ ገልጣ ያለፈችው ገጽ ነው፤ የሱቅ በር ላይ እንዳለ ጽሑፍ አይታው የማታውቀው። ግን ልቧ አልወረደላትም።

«እሺ፣ ሁለት ይሁኑ። ታዲያ ሁለተኛው ለምን ባለ መድኃኒቶቹን ጨመረ? የመጀመሪያው ዝም ብሎ የለም?»

መምህርቷ ራሷን ነቀነቀች። «እሱን ነው መጠየቅ። ከምዕራፉ መጀመሪያ አንብቢልኝ። ጮክ ብለሽ።»

እምዬ አነበበች። አሳ ጠላት ሲመጣበት ከቤተ መቅደሱ ብርና ወርቁን አውጥቶ ለሶርያ ንጉሥ ላከ፣ እርዳኝ ብሎ። ባለ ራእዩ መጥቶ፣ አምላክህን ትተህ በሶርያ ንጉሥ ተደገፍክ ብሎ ወቀሰው። ንጉሡም ተቆጥቶ ባለ ራእዩን እስር ቤት አስገባው።

«ውይ፣ ክፉ ሰውዬ!»

«ቀድሞ ደህና ነበር፤ ኋላ ነው የደነደነው። ይኼ ጸሐፊ ነገሥታቱን ሁሉ የሚጠይቃቸው አንድ ነገር ነው፤ በማን ተደገፍክ? የእግሩ ሕመም የዚያ ጅራት ነው። ምዕራፉን ሙሉ ጀርባውን ሰጥቶ የኖረ ሰው ሲታመምም አልዞረም ነው የሚልሽ። አንቺ ግን ጅራቷን ቆርጠሽ ያዝሽ።» መነጽሯን አወለቀች። «እስቲ አሁን፣ የኛዋ ፍንጭት የትኛውን ነቢይ ነው ያሰረችው?»

እምዬ ሳቅ አመለጣት፤ ወዲያው ደግሞ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ብትሳሳቺስ? ብትሳሳቺና ልጅቷ ኦፕራሲዮን ጠረጴዛው ላይ ብትቀርብኝስ?»

መምህርቷ ቀሚሷን ከስፌት መኪናው ላይ አንሥታ አጣጠፈች። «እኔ የመጽሐፉን ነገር ነው የነገርኩሽ፣ የነገውን አላውቅም። ጸሐፊው ማን ነው፣ ዓይነቱ ምንድን ነው፣ ይህን ሌላ ማን ተርኮታል፤ ይህን እየጠየቅሽ ራስሽ አንብቢ። ብቻ» አለች ቀሚሷን ብብቷ ሥር አድርጋ ስትነሣ፣ «እኔ ስወጣ ጠብቀሽ ‹ሂጂ› የሚል ጥቅስ ፍለጋ እንዳትገቢ። አውቅሻለሁ።»

በሩ ሲዘጋ እምዬ ፍለጋ ገባች።

ታሞ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ያለቀሰ አንድ ንጉሥ ትዝ አላት። ሕዝቅያስ። ወደ ኋላ ገልጣ በነገሥት አገኘችው። ትሞታለህ ተባለ፣ አለቀሰ፣ ጸለየ፤ ዕድሜ ተጨመረለት። ኢሳይያስም የበለስ ጥፍጥፍ አምጡ አለ፤ በእባጩ ላይ አደረጉለትና ዳነ። በዜና መዋዕል ፈለገችው፤ እዚያ ሕመሙ በአጭሩ ነው የታለፈው፣ ጸለየ ይላል፣ በለስ የሚባል ነገር የለም። ኢሳይያስ ግን ገና ያልደረሰችበት አገር ነው። መዝሙሩን ሁሉ፣ ምሳሌውን ሁሉ ዘላ መሄድ ሊኖርባት ነው። ማን ያየኛል እንደሚል ሰው በሩን አየት አድርጋ፣ ገጾቹን በእፍኝ አነሣቻቸው። እዚያም አገኘችው፤ በለሱ በምዕራፉ መጨረሻ ላይ፣ ሊረሳ ምንም ያህል ሳይቀረው የታወሰ ይመስል ተቀምጧል።

«አየህ!» አለች ማንም በሌለበት። «ጸለየ፤ መድኃኒቱንም አደረጉለት! ያዘዘውም ነቢዩ ራሱ!» ተነሥታ ቆመች። ደስታው እስከ ጉልበቷ ወረደ።

ከዚያ እዚያው ቆማ ቀዘቀዘች። ጠዋት አሳ አስቀራት፤ አሁን ሕዝቅያስ ሊወስዳት ነው። ነገ ሲነጋ ሌላ ገጽ ላይ ሌላ ንጉሥ ቢገጥማትስ? ከመንገድ ይመልሳት? ሕዝቅያስ የሕዝቅያስን ነገር ነገራት፤ ስለ ፍንጭት አጥንት ግን የሚናገር ገጽ የለም። ስለ እሱ የሚያውቀው ሐኪሙ ነው። እሱን ደግሞ ምን ጠየቀችው? ምንም። ያን ቀን እየዘረዘረ ሲያስረዳት፣ የሚለውን እንዳትሰማ ብላ፣ ጫማውን እያየች ራሷን ስትነቀንቅ ነበር የዋለችው። የፈራችውን ሁሉ ይዛ መጥታ የጠየቀችው መጽሐፉን ነው።

ፍንጭት ስትገባ እምዬ ቦርሳውን አንሥታ አቧራውን እያራገፈች ነበር።

«እግዜር ሐሳቡን ለወጠ?»

«እግዜር አልለወጠም። እኔ ነኝ ያላለውን አለ ያልኩት። ነገ እንሄዳለን፣ ሄጄ ሰውዬውን ልጠይቀው። ካላማረኝ ግን ይዤሽ እመለሳለሁ፣ አሁኑኑ ልንገርሽ!»

ጠዋት ሐኪም ቤቱ መድኃኒትና እርጥብ ወለል ይሸታል። ፍንጭት ባዶ ሆዷን ስለነበረች፣ «እምዬ፣ ሐኪሞቹስ ቁርስ በልተዋል?» እያለች ታጉረመርማለች። ሐኪሙ ጠባብ ክፍሉ ውስጥ ቆሞ ተቀበላቸው። ወጣት ነው፤ የእምዬ ልጅ እኩያ ቢሆን ነው።

«ዝግጁ ናችሁ፣ እማማ?»

«አይደለሁም» አለች እምዬ። «ተቀመጥ፣ ልጄ፤ የምጠይቅህ አለኝ። መሃል ላይ ብትነቃስ? ደሟ አልቆም ቢልስ? አጥንቱ እንቢ ቢልህስ? ሠርተህለት ያልተሳካለት ልጅ አለ? እንዳትዋሸኝ።»

ሐኪሙ በሩን አየ፤ ከዚያ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «አለ» አለ።

እምዬ የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘች።

«አንዷ አጥንቷ ቶሎ አልገጥም ብሎ ዳግመኛ ኦፕራሲዮን ገብታለች። አንድ ልጅ ደግሞ ተስተካክሎለት ትንሽ ማነከሱ አልቀረም። በኦፕራሲዮኑ እጄ ላይ የሞተብኝ ልጅ የለም፤ ሊሆን አይችልም ግን አልልዎትም። እንቅልፉን የሚሰጣት ባለሙያ ሌላ ሥራ የለውም፤ ትንፋሿን ሲከታተል ነው የሚቆየው። ደም ተዘጋጅቷል።»

«ካልተሠራችስ?»

መዳፉን አጠፈና በጎኑ ጠረጴዛው ላይ አቆመው። «ክብደቷ በጨመረ ቁጥር ይኼ ቦታ ይቆስላል። ቁስሉ አጥንት ከደረሰ፣ ያኔ የምንነጋገረው ስለ ማቃናት አይሆንም።»

ፍንጭት አንዴ እምዬን፣ አንዴ እሱን ታያለች።

«ትጸልያለህ?» አለችው እምዬ በድንገት።

ወጣቱ እጆቹን አየ። «እጄን ስታጠብ» አለ ቀስ ብሎ። «ሌላ ጊዜ አላገኝም።»

እምዬ ጎንበስ ብላ የልጅቷን የጫማ ማሰሪያ ፈታች። ጫማውን አወለቀችና እግሯን በሁለት እጇ ያዘችው፤ ትንሽ፣ ሞቃት፣ ወደ ውስጥ የታጠፈ። ከዚያ ለቀቀችው።

«እሺ» አለች። «እንግዲያው ታጠብ።»

አንዲት ነርስ ባለ ጎማ አልጋ እየገፋች መጣች። እምዬ የፍንጭትን እጅ ይዛ፣ «ትራሱ አይቆረቁርሽም? አይበርድሽም? አትፍሪ፣ እኔ እፈራልሻለሁ» እያለች በመተላለፊያው አብራ ሄደች። ወለሉ ላይ ቀይ መስመር የተቀባበት ቦታ ሲደርሱ ነርሷ ክንዷን ያዘቻት።

«እናቴ፣ ከዚህ ወዲያ አይታለፍም።»

«አላለፍኩም፣ የእግር ጣቴን ተመልከቺው፤ መስመሩ ላይ ነው።»

በሩ ተከፈተ፤ ፍንጭት ከነፍንጭቷ ሳቀችላት፤ በሩ ተዘጋ። እምዬ አግዳሚ ወንበሩ እዚያው አጠገቧ እያለ አልተቀመጠችም። ወዲያው አንዲት ሌላ ነርስ ባዶ ሳህን ይዛ ከውስጥ ወጣች።

«አሁን ተኝታለች?» አለቻት እምዬ።

«ኧረ ገና መግባቷ ነው፣ እናቴ!»

«እሺ፣ እሺ፤ ሂጂ ሥራሽን ሥሪ። ስትመለሺ እጠይቅሻለሁ።»